ያማረ ፖርቶመጋላ፣ የሚያፈስ ጣሪያ

በዚህ ዕረፍቴ ሀገር ቤት ከተገለገልኩባቸው ነገሮች አብዛኛው ደህና ነበር። የባንኩ ጉዳይ ሳያንገላታኝ አለቀ፤ የስልኩም እንዲሁ። የምጽፈው ስለ አንዱ ብቻ ነው፦ የአባቴን መኪና የፋብሪካ ፖርቶመጋላ አስነስተን በልክ የተሠራ ስላስገጠምንበት ሥራ። ሁለት ጋራዦች ነክተውታል። የመጀመሪያው አሳረረን፣ ሁለተኛው ካሰን። ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ያሰበ ሰው ካለ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያንብበው።

መኪናው ከፋብሪካ ሲመጣ በጣሪያው ግራና ቀኝ ሐዲድ፣ በላያቸውም ሁለት ቀጭን አግዳሚዎች ነበሩት። ለሻንጣ ይበቃል። አባቴ የፈለጉት ግን ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ፣ ትርፍ ጎማና ረጅም ዕቃ የሚይዝ፣ ቀላል የአሉሚኒየም ፖርቶመጋላ ነበር። እንደ ላንድክሩዘር 70 ባሉት መኪኖች ይህ ቀላል ሥራ ነው፤ በጣሪያቸው ዳርና ዳር የዝናብ መውረጃ ከንፈር ስላላቸው ፖርቶመጋላው ያንን ነክሶ ይቆማል፣ ጣሪያው አይበሳም። የአባቴ መኪና ከንፈር የለውም። ሐዲዱ በቡሎን ከጣሪያው ጋር የታሰረ ነው፤ ሲነሣ ቀዳዳዎቹ ይቀራሉ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እነዚያ ቀዳዳዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ባለቤት ጥሩ አንደበት ያለው ሰው ነው። የሠራቸውን ሥራዎች አሳየን፤ በእውነትም ያምሩ ነበር። የማንሻው፣ የመሥሪያው፣ የቀለሙና የመግጠሚያው ሁሉ በአንድ ዋጋ እንደሚጠቃለል ተስማምተን ቀብድ ከፈልን። በዚያው ዕለት ሐዲዶቹን ነቀሏቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣው «ነገ» ነው። አሉሚኒየሙ ገና አልተገዛም፤ ነገ ይገዛል። ተገዛ፣ በያጁ ታሟል፤ ነገ ይመጣል። መጣ፣ መብራት የለም። መብራቱ መጣ፣ ቀለም ቀቢው ሌላ ሥራ ይዟል። መብራት መጥፋቱን እረዳለሁ፤ ሰው ሊታመምም ይችላል። የማይገባኝ አንድ ነገር ነው፦ አሉሚኒየሙ በእጃቸው ሳይገባ የመኪናውን ሐዲድ ለምን ነቀሉት? መኪናው በግቢያቸው ጣሪያው ተበስቶ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ፕላስተር ተለጥፎባቸው ዝናብ ሲወርድበት ከረመ። እኔ በምኖርበት ሀገር ጋራዡ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ሳይቀመጥ መኪናህን አስገባ አይልህም። ይህን ለማድረግ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሥራ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ስልክ ስንደውል አያነሡም፣ ስንሄድ ባለቤቱ የለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈቃዱ በቀን የተቆረጠ ነው። ከአባቴ ጋር በዚያ መኪና ልንሄድ ያሰብነው መንገድ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በስልክ ስናወራበት የቆየነው። ፈቃዴ ሊያልቅ ተቃረበ፣ መንገዱ ቀረ። ይህንን ማንም በገንዘብ አይመልስልኝም።

ሲያስረክቡን ደግሞ ዋጋው ሌላ ሆነ። ቡሎኑ ለብቻ፣ ቀለሙ ለብቻ፣ ሐዲዱን የነቀሉበት እንኳ ለብቻ ተጽፎ ድምሩ ከተስማማነው ግማሽ ያህል ጨመረ። «ብረት ተወደደ» አለን። ዋጋው ከተወደደም የተወደደው እነርሱ ሲያዘገዩት በቆዩበት ጊዜ ነው። አባቴ ክርክር ስለማይወዱ ከፈሉ።

ስንት ኪሎ ይችላል ብዬ ጠየቅሁ። «የፈለጉትን ይጫኑ አባቴ፣ አይበገርም» አላቸው ባለቤቱ ወደ አባቴ ዞሮ። ይህ መልስ አስፈርቶኛል። ጣሪያ የሚሸከመው ልክ በመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ለብዙ መኪኖች ከ75 እስከ 100 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። 40 ኪሎ የሚመዝን ፖርቶመጋላ 75 ኪሎ በሚችል ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ለዕቃ የሚቀረው 35 ኪሎ ነው፤ በኮረኮንች መንገድ ደግሞ ከዚያም ማሳነስ ያስፈልጋል። ጭነት ከላይ ሲበዛ መኪናው ኩርባ ላይ ያዘነብላል። ሰው የሚሳፈርበት መኪና ነው።

ክብደቱ አላማረኝምና ማግኔት አስጠጋሁበት። ከላይ ያለው ንጣፍ አልያዘም፤ አሉሚኒየም ነው። ከሥር ያሉት ተሸካሚዎች ግን ማግኔቱን ጥርቅም አድርገው ያዙት። ጥቁር ቀለም የተቀባ የብረት ቱቦላሬ ነበር። ብረት በተመሳሳይ መጠን ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። የከፈልነው ለአሉሚኒየም ነው። ከዚያም በላይ ሁለቱ ያለ ምንም መለያያ ተነካክተው ዝናብ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ መበላት ይጀምራል።

ከዚያ ዝናብ ዘነበ፤ በውስጠኛው መብራት ዙሪያ ውሃ ጠብ ማለት ጀመረ።

ሁለተኛውን ጋራዥ ያገኘነው በወንድሜ በኩል ነው። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ብዙ አያወራም። የውስጡን የጣሪያ ልብስ ከማውረዱ በፊት የባትሪውን ገመድ ፈታ፤ በጣሪያው ጎንና ጎን በግጭት ጊዜ የሚነፋ የመጋረጃ ኤርባግ ስላለ፣ ሳይታሰብ እንዳይፈነዳ ነው አለ። ይህንን ሳልጠይቀው ሲያደርግ ሳይ ልቤ አረፈ። ልብሱ ሲወርድ ቀዳዳዎቹ ኮምጣጤ ኮምጣጤ በሚሸት ተራ ሲሊኮን ተደፍነው አገኘናቸው። እንዲህ ያለው ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ ባዶ ብረት ላይ ሲቀባ ዝገት ይጠራል እንጂ አይከላከልም። በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ዝገቱ ጀምሯል።

ፈግፍጎ አነሣው፣ ፀረ ዝገት ቀባው፣ ቀለሙን መለሰ። በየቡሎኑ ሥር የጎማ ጉዋርኒሲዮንና ለመኪና አካል የሚሆን ፖሊዩሪቴን ማሸጊያ አደረገ። የብረቱን ቱቦላሬ አውጥቶ በአሉሚኒየም ተካው፤ አረብ ብረት ቡሎኖቹ አሉሚኒየሙን እንዳይነኩም የናይለን ሮንዴላ አስገባ። ቡሎኖቹን በግምት አላጠበቃቸውም፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ አሰራቸው። ከዚያ የጣሪያውን ልብስ ሳይመልስ በጎማ ቱቦ ውሃ ለቀቀበትና እኔን ውስጥ አስቀምጦ «ይመልከቱ» አለኝ። ጠብ አላለም። ፖርቶመጋላውን ከመግጠሙ በፊት መዝኖት ስለነበር ክብደቱንና የሚቀረውን የጭነት ልክ በወረቀት ጽፎ ለአባቴ ሰጣቸው። በመጀመሪያው ረጅም መንገድ ማግስት ቡሎኖቹን ዳግም ለማጥበቅ እንዲመለሱም ነገራቸው። ከፊት ለፊት ያስገባው የነፋስ መከለያ ፉጨቱን በብዛት ቀንሶታል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። የጠየቀው ዋጋ መጀመሪያ የተናገረው ነው፤ ሲጨርስም ራሱ ደወለ።

በምኖርበት ሀገር እንዲህ ያለ ሥራ በቀላሉ አላገኝም። እዚያ ከተዘጋጀው ትመርጣለህ፤ መኪናህን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ በልክህ የሚሠራልህ ሰው ብርቅ ነው። ይህን ዓይነቱን እጅ ናፍቄው ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥም እጅ አላነሰውም፤ ብየዳው ንጹሕ ነው።

ለምታሠሩ፦ ዕቃው ተገዝቶ ሳታዩ ሐዲዱን አታስነቅሉ። ቀዳዳዎቹ በምን እንደሚታሸጉ ጠይቁ፣ ማግኔት ያዙ፣ ክብደቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የተነቀለውንም በዚያው ቀን ይዛችሁ ውጡ። የአባቴ የፋብሪካ ሐዲዶች እስካሁን የመጀመሪያው ጋራዥ ዘንድ ናቸው። ወንድሜ ሲጠይቃቸው «ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል፣ ነገ ይምጡ» ይሉታል።