«የኤንጂኦ መኪና ነበር» ሲሏችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ አሮጌ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር የሚያሻሽጥ ደላላ ወሬ የሚጀምረው «የኤንጂኦ ነበር፣ ገጠር ብዙም አልገባም» ብሎ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ኤንጂኦ ሃርድ ቶፕ የሚገዛው ሰከላና ጎንቻ ጭቃ ሊገባበት እንጂ አስፋልት ላይ ሊንሸራሸርበት አይደለም።

ዋጋው መናሩ አያስገርምም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ያው መኪና ቀለም እየተቀባ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ሊብሬውን ተቀበሉ። የተበላሸ ሞተር ይሠራል፤ የተበላሸ ወረቀት ግን ጎረቤት ጋራዥ አይጠገንም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት። ኤንጂኦው ሳይከፍል፣ የመጀመሪያው ገዥም ሳይከፍል እናንተ ጋ ከደረሰ ሒሳቡ የሚጠብቀው እናንተን ነው። ስለዚህ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ መግለጫውን) እና ቀረጥ የተከፈለበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ሰሌዳው ከድርጅት ኮድ (ለምሳሌ ኮድ 5) ወደ ኮድ 2 (የግል) ወይም 3 (የንግድ) መቼ እንደተቀየረ፣ እዳና እገዳ እንዳለበትም ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። «ለጊዜው በውክልና ያዙት፣ ስሙ ኋላ ይዞራል» ካሏችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ። ውክልና የሰጠው ሰው ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው አብሮት ይቀራል።

ሞዴሉንም በአፍ አትቀበሉ። «78 ነው» እያሉ 75 የሚሸጡ አሉ፤ የዋጋ ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ለዚህ መካኒክ አያስፈልግም፣ የጎማውን ቡሎን ቁጠሩ። 75 ቸርኬው በ6 ቡሎን ይታሰራል፣ የፊት እግሩም ባሌስትራ (ተደራራቢ ዝርግ ብረት) ነው። በፈረንጆች 1999 የመጣው 78 ባለ 5 ቡሎን ሲሆን ከፊት ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) ነው ያለው። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አካባቢ ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ በብረት ብሩሽ ጥረጉትና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ዙሪያውን ብየዳ ወይም የመፍጫ ጭረት ካለ፣ ወይም አዲስ ቀለም ያረፈው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ድርድሩ እዚያው ይብቃ። ከሥር ሳላችሁ የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበትን ቦታ በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አድርጉት። የመረሬ ጭቃ ሻንሲው ውስጥ ገብቶ ከርሞ ይደርቃል፣ እርጥበት ይዞ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከላይ ግን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያበራል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ለሻጩ «ጠዋት እስክመጣ አታስነሡት» በሉትና ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ በምክንያት ነው። ራዲያተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ ብቻ ክፈቱ፣ ከዚያ አስነሡት። አረፋ ሳያቋርጥ እየተንተከተከ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተሰንጥቋል። የሚሞቅ ሞተር ለመደበቅ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ የውኃውን ዝውውር የሚዘጋውን ክዳን) አውጥቶ መጣልም የታወቀ ዘዴ ነው። ይህን ለማወቅ የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። ሞተሩ ለመሞቅ ከልክ በላይ ከዘገየ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳን እዚህ አገር እንደ ትንሽ ነገር አይታይም።

ጢሱን በተመለከተ ሻጩ «ከፍታው ነው» ይላችኋል፣ ግማሹ እውነት ነው። እነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ተርቦ የለውም፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ሲጨነቅ ጥቁር ጢስ ትንሽ መልቀቁ አያስደነግጥም። ሰማያዊ ጢስ ግን ከፍታ አያውቅም፣ ዘይት እየበላ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱና ሞተሩ እየሠራ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። እየዘለለ ከወደቀ የፒስተን ፋሻዎቹ (ቀለበቶቹ) አልቀዋል። ታይሚንጉ (የቫልቮቹን መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ የሚያስጠብቀው) የሚዞረው ደግሞ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየራል፣ ሳይቀየር ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ለዚህ የሚበራ የዳሽቦርድ መብራት ቢኖርም ቺንጋው ሳይነካ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን የፊት እግር ላይ ነው። ፎር ዊሉ ይሠራል ተብሎ ሲገዛ የፊቱ አክስል ተሰብሮ ወይም ውስጡ ተራቁቶ ሊሆን ይችላል፤ አስፋልት ላይ በኋላ እግሩ ስለሚሄድ ማንም አያውቅም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። ማርሹ ዜሮ፣ ትንሹ ማርሽ ኤች2 (በኋላ እግር ብቻ) ላይ ይሁን። ሁለቱንም የፊት ሃብ (በጎማው መሃል ያለውን መቆለፊያ) በእጅ ወደ ሎክ አዙሩ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡና አሽከርክሩት። ወደ ፊት የሚሄደው ትራስሚሽን ዘንግ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ሃቡ ወይም አክስሉ የለም ማለት ነው። ጎማው እንደተነሣ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ነው። ከጎማው ጀርባ ያለችው ክብ ብረት ላይ ስስ ግራሶ መኖሩ ደግ ነው። ቀጭን ጥቁር ዘይት እየወረደባት ከሆነ ግን ኦይል ሲሉ ተበልቶ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግራሶውን እያጠበው ነው። በመጨረሻ ጠጠር መንገድ ላይ በኤች4 (በአራቱም እግር) መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የፊት መገጣጠሚያውን መሞት ይናገራል።

ሙከራው ከተማ ውስጥ አንድ ዙር ሆኖ አይቅር። ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት የተሻለ ፈራጅ የለም፦ ሙቀት መለኪያው፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉም እዚያ ይጋለጣሉ። ሻጩ «ነዳጅ ይፈጃል» ብሎ ከተከራከረ ነዳጁን እናንተ ሙሉ።

ተገቢው ዋጋ የደላላው አፍ ላይ የለም። ተመሳሳይ ዓመትና ሞዴል ያለው፣ ወረቀቱ የጸዳ መኪና ስንት እንደሚጠየቅበት ቢያንስ ከሦስት ቦታ ሰብስቡ። ከዚያ ላይ ያገኛችሁትን ጉድለት በመለዋወጫ ሱቅ ዋጋ ቀንሱ፦ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ የፊት እግር ሲልና ኩሽኔታ፣ ባትሪ፣ ጎማ። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ አንብቡ፤ 2314 ካለ በፈረንጅ 2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል፣ ስለዚህ ጠጠር መንገድ ላይ አትመኑት።

ውሉ ላይ «ታክስ እንዲቀንስ» ተብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲጻፍ አትፍቀዱ። ነገሩ ከፈረሰ በሰነድ የምትጠይቁት የተጻፈውን ብቻ ነው። ቀብድም በሕጉ ቀልድ አይደለም፤ እናንተ ካፈረሳችሁ ይቀራል፣ ሻጩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የቀብድ ወረቀቱ ላይ «ቀረጡ ካልተከፈለ፣ ወይም እዳና እገዳ ከተገኘበት፣ ወይም የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ካልተመሳከረ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍና በምስክር ፊት ይፈረም።