«7 ቀን በአባይ ላይ በመርከብ» ለሚሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ለሁለት ሰው የከፈልነው 430 ሺህ ብር ነው። ቢሮው መሃል ከተማ፣ ከስታዲየም ወደ ለገሃር በሚወስደው በኩል ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ነው። አቤቱታው ገና ስላላለቀ ስሙን እዚህ አልጽፍም። ግን ተመሳሳይ ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ እየዞረ ስለሆነ፣ ገንዘባችሁ ከእጃችሁ ሳይወጣ እኛ የደረሰብንን ስሙ።

ማስታወቂያው «7 ቀን በአባይ ላይ፣ ከካይሮ እስከ አስዋን» ይላል። እናቴ ደጀን አካባቢ ተወልዳ ያደገች ናት። አባይ በረሃውን አቋርጦ ሄዶ ሄዶ የት እንደሚደርስ በዓይኗ ማየት የዕድሜ ልክ ምኞቷ ነበር። ቢሮው ይዣት ስሄድ ያስተናገደችን ልጅ ካላንደር አወጣችና «እናቴ፣ ህዳር 6ን ደብረ ቁስቋም ነው የሚውሉት፤ መርከቡ በደጃፉ ነው የሚያልፈው» አለቻት። እናቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንባዋ መጣ። ጽጌን በየዓመቱ ሳታጓድል የምትጾም ሰው ናት። ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር ከበደኝ። ቅድሚያውን በዚያው ቀን አስገባሁ፤ የገባውም በድርጅቱ ስም ሳይሆን በግለሰብ ሒሳብ ነው። ያን ጊዜ ቆም ማለት ነበረብኝ።

አሁን ካርታውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግብፅ ውስጥ አብዛኞቹ የሽርሽር መርከቦች የሚመላለሱት በሉክሶርና በአስዋን መካከል ነው፤ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። የተለመደው ሽያጭ ከሉክሶር ወደ አስዋን ሲሆን 4 ሌሊት፣ ከአስዋን ወደ ሉክሶር ሲሆን 3 ሌሊት ነው። ከካይሮ የሚነሳ ረጅም ጉዞም አለ፤ ግን ጥቂት ነው፣ ቀኑም ዋጋውም ሌላ ነው። ካይሮና ሉክሶር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። የእኛ ቲኬት ከአዲስ አበባ ካይሮ ድረስ ብቻ ነበር።

ቫውቸሩ (የመርከቡ መሳፈሪያ ወረቀት) የተሰጠን ለመሄድ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ማታ ነው። መሳፈሪያው «ሉክሶር» ይላል። ስደውል «እዚያ ሲደርሱ የሚቀበላችሁ ሰው ያመቻቻል» ተባልኩ። ካይሮ አየር ማረፊያ የተቀበለን ሰው አልነበረም። በራሳችን ገንዘብ ሆቴል አደርን፣ በማግስቱ የባቡር ቲኬት ገዛን፣ አሥር ሰዓት ያህል ተጉዘን ሉክሶር ደረስን፣ እዚያም ሌላ ሆቴል ከፈልን። ሰባት ከተባለው ቀን ሁለቱ እንዲህ አለቁ። መርከቡ የገባነው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሲሆን የመጀመሪያውን ሌሊት ከወደቡ ሳይነቃነቅ አደረ። የመጨረሻውን ሌሊት ደግሞ አስዋን ቆሞ አደረ። ውሃ ላይ የሄድንበትን ሰዓት ብደምረው ሁለት ቀን አይሞላም።

ካቢናችንስ? ፎቶው ላይ ያሳዩን በረንዳ ያለው ነው። የተሰጠን ታችኛው ዴክ (የመርከቡ ፎቅ) ላይ፣ መስኮቱ ከውሃው ጥቂት ከፍ ያለ ነው። እዚያ ወደቦች ላይ መርከቦች ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የሚቆሙት፤ ሰው በአንዱ ውስጥ አልፎ ወደ ሌላው ይገባል። ጠዋት እናቴ «እስቲ አባይን ልየው» ብላ መጋረጃውን ስትገልጥ፣ ከመስታወቱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የሌላ መርከብ ነጭ ብረት ተደቅኗል፤ የናፍጣ ሽታውም ገብቷል። መጋረጃውን ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው።

ወንዙ ግን ሊታይ የሚገባው ነው፣ ይህን አልክድም። ኢስና ላይ መርከቡ ውሃው በበር ተዘግቶ መርከብ ከፍ ዝቅ ወደሚደረግበት መተላለፊያ ለመግባት ተራ ሲጠብቅ ነጋዴዎች በትንንሽ ጀልባ ተጠግተው ቀሚስና የጠረጴዛ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ላይኛው ዴክ ይወረውራሉ። ዋጋው በጩኸት ነው የሚቆረጠው። እናቴ አንድ ሻርፕ ገዛች፣ ብሩን እዚያው ላስቲክ ውስጥ አድርጋ ወረወረችላቸው። ኤድፉ የሚገኘው የሆረስ ቤተ መቅደስም ጣሪያው ሳይቀር የቆመ ነው። ኮም ኦምቦ ደግሞ ወንዙ ዳር ስለሆነ ከመርከቡ ወርዶ በእግር ይደረሳል።

ህዳር 6ን የዋልነው እዚያ ነው። ኮም ኦምቦ የአዞ አምላክ ይመለክበት የነበረ ቤተ መቅደስ ነው፤ አጠገቡ ባለው ሙዚየም የደረቁ አዞዎች ተደርድረዋል። እናቴ ከሌሊቱ ጀምራ ነጠላዋን አጣፍታ ተዘጋጅታ ነበር። ጋይዱን «ቁስቋም ስንት ሰዓት ነው የምንደርሰው?» ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም፤ በኋላ «ዴይር ኤል ሙሐረቅ!» አለና ስልኩን አውጥቶ ካርታው ላይ አሳየን። እኛ ከታች ነን። ገዳሙ ከሉክሶርም አልፎ በስተሰሜን፣ አስዩት አውራጃ ውስጥ፣ ከወንዙም ወደ ምዕራብ ገባ ያለ ነው። ከካይሮ በባቡር ስንመጣ አስዩት ጣቢያ ቆመን ነበር። ይህን ስነግራት «በአጠገቧ አልፈን ነው?» ብቻ ነው ያለችው።

ተካቷል የተባለውም ነገር አልተካተተም። የቤተ መቅደሶቹን መግቢያ በየበሩ ከፈልን። ለመርከቡ ሠራተኞች ቲፕ በሰው ተተምኖ ተጠየቅን። አቡ ሲምበል ፎቶው ማስታወቂያው ላይ አለ፤ ግን ከአስዋን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በስተደቡብ ያለ ነው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ይኬዳል፣ ለብቻው ይከፈላል። ከሉክሶር የመጣ መርከብ የአስዋንን ግድብ አልፎ እዚያ ሊደርስ አይችልም። ፎቶውን የለጠፈው ሰው ይህን ሳያውቅ ነው ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ስንመለስ ቢሮው «መርከቡ ሌላ ድርጅት ነው፣ እኛ አገናኝ ነን» አለ። ይባስ ብሎ ወረቀታችን ላይ የሌለ «የምንዛሪ ልዩነት» ቀሪ አለባችሁ ተባልን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ይህች ሰበብ የተለመደች ሆናለች። ስለዚህ ዋጋው በብር ያለቀ መሆኑን ወይም በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ ውሉ ላይ አስጽፉ።

እዚያው ቢሮ ዳኑብና ራይን በሚባሉት የአውሮፓ ወንዞች ላይ የሚደረግ ጉዞም ይሸጣል። ለነዚያ የምትመዘገቡ ካላችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ የኛ ፓስፖርት ላይ የተለየ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አድጓል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ተከልክሏል። ዳኑብ 10 አገሮችን የሚያቋርጥ ወንዝ ነው። ከፓሳው በቪየናና ብራቲስላቫ አድርጎ ቡዳፔስት የሚያልቀው ጉዞ ሁሉም ሸንገን ውስጥ ነው። ቤልግሬድ የሚደርሰው ግን ሰርቢያ ገባ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ከዚያ ወደ ሸንገን መመለስ አይቻልም። «ቪዛውን እኛ እንጨርሳለን» የሚል ሰው ቪዛው ቢከለከል ስንት እንደሚመልስ በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ 90 ዩሮው የማመልከቻ ክፍያ ተመላሽ የለውም።

ራይን ላይ ደግሞ ውሃው ራሱ ሊያስቀራችሁ ይችላል። በ2018 እና በ2022 እ.ኤ.አ. በድርቅ ምክንያት ወንዙ ካውብ የሚባለው ቦታ ላይ በጣም ጎድሎ ነበር። እንዲህ ሲሆን መንገደኛው በአውቶቡስ ይወሰዳል፣ መርከቡ ቆሞ እንደ ሆቴል ያገለግላል። ውሃ ሲሞላም መርከቡ በድልድይ ሥር ማለፍ ስለማይችል ያው ነው። ውሉ ላይ «በአውቶቡስ ሊተካ ይችላል» የሚል መስመር ካለ ገንዘብ እንደማይመለስ ቀድማችሁ እወቁ። የቻይናው ያንግትዜ ወንዝ ጉዞም ከቾንግቺንግ ወደ ዪቻንግ በአብዛኛው 3 ሌሊት ነው፤ ሳምንት ከተባላችሁ ቀሪው የት እንደሚያልቅ ጠይቁ።

መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት ቀን ነው» ብላችሁ አይደለም። ስንት ሌሊት መርከቡ ላይ እንደምትተኙ፣ በየት ወደብ ተሳፍራችሁ በየት እንደምትወርዱ፣ የመርከቡን ስምና የካቢኑን ዴክ ጠይቁ። የመርከቡ ስም ከተነገራችሁ ለባለመርከቡ ራሳችሁ ጻፉና ቦታ መያዙን አረጋግጡ። ስም አልነግርም ካላችሁ ተነሱና ውጡ። ዋጋው ሁለት ሰው አንድ ካቢን ተጋርቶ ለሚተኛበት መሆን አለመሆኑንም አጣሩ፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ጭማሪ ይጠየቃል። የንግድ ፈቃዱ መታደሱን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ጋ ማየት ይቻላል። ክፍያው በድርጅቱ ሒሳብ ይግባ፣ የማሽን ደረሰኝ ይቆረጥ።

እኔ ለከተማው ንግድ ቢሮ ያመለከትኩት በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። ያገዘኝ የማስታወቂያውን ፎቶ ከመጥፋቱ በፊት ስልኬ ላይ ማስቀረቴና የባንኩ ማስተላለፊያ ወረቀት ነው። የማሽን ደረሰኝ ስላልነበረኝ ግን ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ማስታወቂያው ትናንትም ተለጥፎ አይቼዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ህዳር እየመዘገቡ ነው፣ «ቁስቋምን ጨምሮ» ይላል። ቅድሚያ ከፍላችሁ ቀሪውን ያልከፈላችሁ ካላችሁ፣ የጉዞ ፕሮግራሙ ማኅተም ተደርጎበት በእጃችሁ እስኪገባ ቀሪውን አትክፈሉ።