ጎርጎራ ለማደር ምን ይሻላል? የሱቅ ድንኳን፣ የሚሰፋ ድንኳን ወይስ ሚኒባስ ውስጥ

የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። «ጣና ዳር ሁለት ሌሊት ማደር አስበናል፣ ድንኳን የት ይገኛል? መኪና ውስጥ ብንተኛስ?» ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። ከወዲሁ ልናገር፦ እኔ ሸራ ሰፊ ዘንድ በትእዛዝ የሚሰፋ ድንኳን ወገን ነኝ። ለምን እንደሆነ በብር አሳያችኋለሁ።

አልጋና ማዕድ ቤት ውስጡ ያለውን መኪና እርሱት። ፈረንጆቹ በመተማ በኩል ይዘውት ሲያልፉ አይተን ጎምጅተናል። ጎንደር ውስጥ የሚያከራይ ግን አላየሁም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ሚኒባስ ይዞራል።

ሂሳቡን እንይ። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ለኮንትራት በቀን 6,000 ብር ተጠይቋል፣ ነዳጅ በራሱ። አርብ ሄዶ እሁድ መመለስ 3 ቀን ተብሎ ይቆጠራል፤ 18,000 ብር። መኪናው ሐይቁ ዳር ቆሞ ሲውልም ይቆጥራል! የሹፌሩ ምግብና መኝታም አለ። «ሹፌሩ የት ነው የሚተኛው?» ብዬ ጠየቅኩት። «መኪናው ውስጥ ነዋ» አለኝ። እናንተስ?

ወንበሮቹ ይነሱ ካላችሁ ባለንብረቱ ፊቱ ይጠቁራል። ብሎኑ ዝጓል፤ ሲፈታ ከተቆረጠ ሂሳቡ ወደ እናንተ ይመጣል። ወንበሩ ተነሳ እንበል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱ እንደ ከተማው አይበርድም፣ ደምቢያ ደግሞ ወባ ያለበት አገር ነው። መስኮት ከዘጋችሁ ትታፈናላችሁ፣ ከከፈታችሁ ትንኙ ይገባል። ሞተር አስነስቶ መተኛትማ አይታሰብም፤ ጭሱ ሰው ይገድላል። ከሰልም እንደዚያው፣ ለመኪናም ለድንኳንም። ቡናው ውጭ ይፈላ።

መኪናው የሚያዋጣው አድርሷችሁ ከተመለሰና እሁድ መጥቶ ከወሰዳችሁ ነው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአዘዞና በቆላድባ አድርጎ። የደርሶ መልስ ዋጋ ተነጋገሩ እንጂ የቀን ሂሳብ ውስጥ አትግቡ። ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፣ ጉዞው በቀን ይሁን።

የመኪና ጣሪያ ላይ የሚታጠፍ ድንኳንም አለ። ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ዋጋው አያስጠጋም። ክብደቱ 50 ኪሎ ያልፋል፣ ጠንካራ ፖርቶመጋላ ይፈልጋል። ማጠፊያው ቢሰበር መለዋወጫ የለም። ደግሞ አሳ ልግዛ ብላችሁ መኪናውን ለማስነሳት መኝታ ቤታችሁን ማጠፍ አለባችሁ። አለፍኩት።

አሁን ወደ ዋናው። የሱቅ ድንኳን፣ ያ በከረጢት የሚመጣው የቻይና ዕቃ። አራዳ አንዱ ሱቅ 6,500 አሉኝ። ሁለት ሱቅ አለፍ ብዬ ስጠይቅ 9,000። «ወንድሜ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፣ ያኛው ፎርጅድ ነው» አለኝ ሻጩ። ከረጢቱን አስፈታሁና አየሁት። ስፌቱ አንድ፣ ዘንጉ አንድ፣ ዚፑ አንድ። ልዩነቱ የተለጠፈው ስም ብቻ ነው። 2,500 ብር ለስም!

«3000 ሚሜ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ ጨርቁ የ3 ሜትር ውኃ ጫና ይችላል ማለት ነው። ጨርቁ ቢችልስ? ውኃ የሚገባው በስፌቱ ነው። ከውስጥ በኩል ስፌቱን ፀሐይ ላይ ዘርጉት፤ የመርፌው ቀዳዳ ብርሃን ካሳየ ውኃም ያሳልፋል። ጥሩው ስፌቱ ላይ ከውስጥ ስስ ፕላስተር ተለጥፎበታል። አንድ ሃይላንድ ውኃ ይዛችሁ ሂዱና «ላፍስበት?» በሉ። እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ነግሯችኋል።

ትልቁ ጣጣ ግን ዘንጉ ነው። የባለቤቴ ወንድም የገዛው ገና በሁለተኛው ጉዞ፣ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ፣ ፋይበር ግላሱ ርዝመቱን ይዞ እንደ ሰበዝ ተሰነጠቀ። በእጅ ሲይዙት ስንጣሪው ጣት ውስጥ ይገባል፣ በዓይን አይታይም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይወጋል። መለዋወጫ ፍለጋ ከተማውን ዞርን፤ ለብቻው የሚሸጥ የለም። ብስክሌት ጠጋኙ ከአሮጌ የቲቪ አንቴና ቱቦ ቆርጦ እጅጌ አለበሰለት፤ 150 ብር። ዘንጉ ከእጅጌው ቀጥሎ ሌላ ቦታ ተሰነጠቀ። ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው ሲከፈት ደግሞ የሚሳበውን ራሱን በፒንሳ ጠበቅ ማድረግ ይረዳል፣ ለጊዜው። አብረው የሚመጡት ካስማዎችም ሽቦ ናቸው፤ ድንጋይ ሲነካቸው ይጠመዘዛሉ።

አትግዙት ማለቴ አይደለም። ቀላል ነው፣ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ቶሎ ይተከላል። ሁለት ሰው ሆናችሁ በዓመት አንዴ፣ ያውም በበጋ ከሆነ ይበቃችኋል። ርካሹን ግዙ፤ 5,500 እስኪል ተከራከሩት።

ለቤተሰብ ግን ማሰፋት ነው። የእድር ድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉትን ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጠይቁ። እኔ የማውቃቸውን አዛውንት «ጋሼ፣ ለአራት ሰው የሚሆን ድንኳን ይሰፉልኛል?» ስላቸው ሳቁ። «ለሁለት መቶ ለቀስተኛ የሰፋሁ ሰው ለአራት ያቅተኛል?»

ለጎረቤቴ ሲሰፋ የወጣው ይሄ ነው፦ ሸራ 4,200፣ ለመስኮት ወንፊት 600፣ ዚፕ 350፣ ለምሰሶ ቱቦ 2,400፣ ከፌሮ የተቆረጠ ካስማ 800፣ የእጅ 2,500። ድምሩ 10,850 ብር። ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፣ መነሻ አድርጉት። ከ«ኦርጅናሉ» በ1,850 ብር ነው የሚበልጠው፤ ስፋቱ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሸራው ላይ አትሸወዱ። ሰማያዊው ስስ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይበጣጠሳል። በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ ቅባቱ ከተነሳ ተዉት። ወፍራሙ የመኪና ሸራ ዝናብ አያስገባም፣ ግን አይተነፍስም። ጠዋት ጣሪያው ሲያንጠባጥብ «አፈሰሰ» ትላላችሁ፤ የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ጫፉ ላይ ክዳን ያለው መተንፈሻ አስደርጉ። የጥጥ ሸራ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ ሲረጥብ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። ችግሩ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል።

ክሩ ናይለን ይሁን፣ ስፌቱ ድርብ። ገመድ የሚታሰርበት ማዕዘን ላይ ሌላ ሸራ ይደረብበት። ወለሉ ቢያንስ አንድ ስንዝር ወደ ግድግዳው ይውጣ። ቤታችሁ ያለው አጎበርም ድንኳኑ ውስጥ እንዲሰቀል ከላይ ማንጠልጠያ አስሰፉ፤ ማንም የማይጠይቃት ነገር ናት፣ እዚያ ሌሊት ግን ከሁሉም በላይ የምትጠቅመው እሷ ናት።

ይከብዳል? አዎ፣ ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው። ሲቀደድ ግን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ጋሼ እዚያው ቁጭ አድርገው ይሰፉታል፣ 100 ብር ወይም 200 ትከፍላላችሁ። የሱቁ ድንኳን ይሄ የለውም።

ስትተክሉ ውኃው አፍ ላይ አትትከሉ። ጣና ጉማሬ አለው፣ ሌሊት ሳር ፍለጋ ይወጣል። በር የሐይቁን ነፋስ እንዳይቀበል ወደ የብስ አዙሩት። ደንገሉ ሥር መዋኘትም ይቅር፣ ብላሃርዚያ አለ። አጥር ያለው ግቢ ውስጥ አስፈቅዶ ከፍሎ መትከል ይሻላል፤ ቀን ላይ ደብረ ሲና ማርያምን ሳታዩ አትመለሱ፣ ሥዕሎቿ ብቻ መንገዱን ያስረሳሉ።

ካሰፋችሁ ከጥር በፊት እዘዙ። ጥር ጥምቀቱም ሠርጉም ስለሆነ ሸራ ሰፊዎች እጃቸው አይገኝም፣ ዋጋውም ይወጣል። ቀብድ ከግማሽ አይለፍ። ቀሪውን ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተተክሎ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ከላይ ሲደፋበት ውስጡ ቆማችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።