የደብራችንን ድረ ገጽ ለሠራችልን እኅታችን የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በደብረ ማርቆስ ከተማ የምንገኝ የአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱና በደብሩ ሥር ሆኖ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚረዳው ማኅበር፣ ድረ ገጻችንን እንደ አዲስ የሠራችልንን የከተማችንን ልጅ በአደባባይ እንዳመሰግን ወክለውኛል። ምስጋናው የእርሷ ቢሆንም ጽሑፉ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌሎችን ይመስለኛል፤ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ድረ ገጽ ለማሠራት የሚያስቡ አድባራት፣ የመረዳጃ ማኅበራትና አነስተኛ ድርጅቶች ባለሙያ ሲመርጡ ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው የሚነግራቸው ሰው እምብዛም አያገኙምና።

ደብሩ ቀደም ሲል ድረ ገጽ ነበረው። የሠራልን ሰው፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ የድረ ገጹን አድራሻ ማለትም ዶሜኑን ያስመዘገበው በራሱ ስምና በግል ኢሜይሉ ስለነበር፣ ሥራ ቀይሮ ከከተማው ሲወጣ የእድሳቱ ማሳሰቢያ ለእኛ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። የዶሜን ጊዜ ሲያልፍ ባለቤቱ የሚያስመልስበት አጭር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ያም ካለፈ አድራሻው ለፈለገው ሁሉ ክፍት ይሆናል። የእኛን ሌላ ሰው ወሰደው፤ በውጭ አገር የሚኖሩ የደብሩ ልጆችም አድራሻውን ሲከፍቱ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ይመጣባቸው ጀመር። እነርሱ ተደናግጠው ሲደውሉ የደብሩ አስተዳዳሪ ምን ብለው ይመልሱ?

እኅታችን ሥራውን ስትረከብ ስለ ቀለምም ስለ ሥዕልም ሳታነሣ አስቀድማ የጠየቀችው ይህን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ዶሜን ተገዝቶ የሚቀር ነገር ሳይሆን እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው የሚታደስ መሆኑን ለሽማግሌዎቻችን አስረድታ፣ ምዝገባው በደብሩ ስም፣ በጽሕፈት ቤቱ ኢሜይልና በጽሕፈት ቤቱ ስልክ እንዲሆን አደረገች። ካሉት አማራጮች መካከል በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠውን የነጥብ ኢቲ (.et) አድራሻ የመረጥነውም በእርሷ ምክር ነው፤ ለውጭ አገር ድርጅት የውጭ ምንዛሪ መክፈል ለአንድ ደብር ገንዘብ ያዥ ቀላል አይደለምና፣ በብር የሚታደሰው ይሻለናል አለች። የይለፍ ቃሉን ጽፋ በታሸገ ፖስታ ለአስተዳዳሪው አስረከበች፤ ፖስታው ዛሬ ከደብሩ ማኅተም ጋር በካዝና ይገኛል። የእድሳቱን ወር ደግሞ በዓመታዊ በጀታችን ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ አድርጋ አስገባችው። ውሉ ላይ የድካም ዋጋዋን ለብቻ፣ የዶሜኑንና የሆስቲንጉን (ገጹ የሚቀመጥበትን የኮምፒውተር ቦታ) ዓመታዊ ክፍያ ለብቻ ስላሰፈረች፣ ሒሳብ መርማሪያችን ሰነዱን ሲያይ የሚጠይቀው አጣ። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይታይም።

ፊደሉ ላይ ያሳየችው ትዕግሥት በተለይ ሊነገር ይገባዋል። የደብሩ ታሪክና የሰንበት ትምህርት ቤቱ የቆዩ መጽሔቶች የተተየቡት ከዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት አድርጎ ከሚያስነብበው ሥርዓት፣ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነበር። በእነዚያ ፕሮግራሞች እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በራሱ ሥርዓት ይደረድር ስለነበር፣ ጽሑፉ ያው ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ ዕትም ቢሆንም፣ እንደ እኛ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ከዚያ በኋላም በአሮጌው መንገድ ለብዙ ጊዜ ቀጥለዋል። የቀድሞው ባለሙያ ችግሩን ያለፈው ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ በመለጠፍ ነበር፤ ፎቶ ግን በፍለጋ አይገኝም፣ በስልክ ላይም ለዐይን አይመችም። እርሷ ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ ቀየረች። በመቀየሩ መካከል እንደ ኋ፣ ጓና ቧ ያሉት ፊደላት ተሳስተው ይወጡ ስለነበር፣ መሪጌታችን አጠገቧ ተቀምጠው ገጽ በገጽ አነበቡላት፤ «ልጄ፣ ይህችን ደግሞ እይልኝ» እያሉ ያላረሟት መስመር አለች ብዬ አላምንም።

ፍለጋውንም ያለ ማመቻቸት አልተወችውም። ሥላሴን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ አለ፣ በእሳቱ ሰ የሚጽፍም አለ፤ ዓመትን በዐይኑ ዐ የሚጽፍም በአልፋው አ የሚጽፍም አለ። ጽሑፎቻችን የሊቃውንቱን አጻጻፍ እንደ ያዙ ቆይተው፣ አንባቢው ግን በየትኛውም ፊደል ቢፈልግ እንዲያገኝ አድርጋዋለች።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ግን የቅኔው ገጽ ነው። የጎጃም ደብር ድረ ገጽ ቅኔ ከሌለበት ምኑን የጎጃም ሆነ? የቅኔ ተማሪዎቻችን የሚዘርፉትን ለማውጣት ስንሞክር፣ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት በጠባብ የስልክ ገጽ ላይ እየተሰበረ አራትም አምስትም ቤት መስሎ ይታይ ነበር፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስማ ጭራሽ አይለይም። ጉዳዩን ለማያውቅ ባለሙያ ይህ ምንም አይደለም። እርሷ ግን መሪጌታን ጠይቃ ቤት የት እንደሚመታ ከተረዳች በኋላ፣ በቦታ ጥበት ወደ ታች የወረደው ቁራጭ ገባ ብሎ እንዲጀምር፣ እውነተኛው ቤት ግን ሁልጊዜ ከዳር እንዲነሣ አደረገች። አሁን ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ቤት መምቻውን በዐይኑ ያያል።

የቀን አቆጣጠሩም ሥራ ጠይቋል። ተዘጋጅተው ከሚገኙት የድረ ገጽ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ 13 ወር የሚባል ነገር አያውቁም። እንደ ሚያዝያ 30ው የቅዱስ ማርቆስ በዓል ያሉት ቀናቸው የማይለወጥ በዓላት ብዙ አያስቸግሩም፤ ከቦታቸው የሚንቀሳቀሱት አጽዋማትና በዓላት ግን በየዓመቱ መሰላት አለባቸው። ትንሣኤ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 4 የዋለ ሲሆን፣ የ2018ቱ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገብቷል። የድሮው ገጻችን ያለፈውን ዓመት ቀን እንደ ያዘ ተረስቶ ሰው አሳስቷል። እኅታችን ስሌቱን በባሕረ ሐሳቡ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ሥርዓት ሠርታ፣ በየዓመቱ መሪጌታ አይተው ካላጸደቁት በቀር ወደ ሕዝብ እንዳይወጣ አሰረችው። የቅዳሴ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ካስቀመጠች በኋላ፣ ከውጭ የሚመጡ እንግዶች 6 ሰዓት ሲባሉ ማለዳ እንዳይመስላቸው የእነርሱንም አቆጣጠር አጠገቡ ጻፈችላቸው።

እምቢ ያለችባቸው ነገሮችም ነበሩ፤ እኔ የማከብራት ለእነዚህም ጭምር ነው። ከኮሚቴያችን አንዳንዶች፣ ለበጎ አስበው፣ የደብሩ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት እያንዳንዳቸው በፎቶ ከነመግለጫቸው እንዲወጡ ፈልገው ነበር። ቅርስ በሚሰረቅበት አገር የተሟላ ዝርዝር ለዓለም መዘርጋት ለሌባ መንገድ ማሳየት መሆኑን በአክብሮት ገልጻ፣ ዝርዝሩ በጽሕፈት ቤቱ እንዲቀር አስማማችን። የአረጋውያኑ ማኅበር ደግሞ ለጋሾችን ለመቀስቀስ የእናቶችንና የአባቶችን ፊት በሰፊው ማውጣት ፈልጎ ነበር። እርሷ ግን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን አስታውሳ፣ ፈቃዳቸው በሚገባቸው ቃል ተጠይቆ ካልተመዘገበ የማንንም ፎቶ እንደማትለጥፍ ነገረችን። ከተጠየቁት መካከል እምቢ ያሉ እናት ነበሩ፤ ፎቷቸው አልወጣም። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ያለውም በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ኃላፊዎች ካላጸደቁት አይለወጥም፤ አጠገቡም ደብሩ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ገንዘብ እንደማይቀበል ተጽፏል።

ገጹ ቀላል ነው፤ ቀላል ስል ክብደቱን ማለቴ ነው። በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፤ እርሷ እያንዳንዱን ከ200 ኪሎባይት በታች አድርጋ ነው ያስገባችው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየባቸው ጊዜያት ያስተማሩን ነገር ስላለ፣ የዓመቱ የበዓላት መቁጠሪያ አንድ ጊዜ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ፣ ታትሞም በደጀ ሰላሙ እንዲለጠፍ ተደርጎ ተዘጋጅቷል።

ምስጋና ስለሆነ ብቻ ጉድለቷን አልደብቅም። ሥራዋ ዝግ ያለ ነው፤ ለበዓል ድረሽልኝ የሚል ሰው አስቀድሞ ቢጀምር ይሻለዋል። ፎቶ ማንሣትም ሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጎም ሥራዋ አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ሰው መፈለግ ግድ ነው። ለማያስፈልገው ሰው ደግሞ አትሠራም። አነስተኛ ፔንሲዮን ያላቸው አንድ ጎረቤታችን ድረ ገጽ ሥሪልኝ ብለዋት ሄደው ነበር፤ ቤታቸውን በጉግል ካርታ ላይ በትክክለኛ ስልክና ፎቶ አስመዝግባ፣ «ጋሼ፣ ለአሁኑ ይህ ይበቃዎታል» ብላ መለሰቻቸው። ገንዘብ የጠላች መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን እርሳቸው ራሳቸው ሦስት ደንበኛ ይዘውላት ሄዱ።

ሥራውን ካስረከበች በኋላም የጽሕፈት ቤቱን ጸሐፊና ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ማስታወቂያ እንዴት እንደሚወጣ፣ ስሕተት እንዴት እንደሚታረም፣ የገጹ ቅጂ በየወሩ እንዴት እንደሚቀመጥ አስተምራለች። ዛሬ የቀብርና የፍትሐት ማስታወቂያ የሚያወጡት እነርሱ ናቸው፤ ለእርሷ የሚደወለው ከስንት አንዴ ነው።

ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀደች አልጻፍሁትም። ሊያሠራት የሚፈልግ ደብር፣ ማኅበር ወይም ግለሰብ በጽሕፈት ቤታችን በኩል ይጠይቅ፤ ጸሐፊው ያገናኛችኋል። የቆየ ድረ ገጽ ያላችሁ የምዝገባውን ሰነድ፣ አሮጌ ጽሑፍ ያላችሁ ደግሞ ፋይሉን ከነታተመው ቅጂ ይዛችሁ ኑ፤ መሪጌታም ፈቅደው ከሆነ ይዛችኋቸው ብትመጡ ሥራው ይፈጥናል።