ወጨጫን ለምትወጡ ሁሉ፦ ዓለም ገና አንድ ጫማ ሰፊ አሉ

ይህ ምስጋና ዓለም ገና ታክሲ ተራው አካባቢ ለሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ነው። «ስሜን እንዳታወጪ» ስላሉኝ አልጽፈውም። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጫማ የሚያሠራ ሰው፣ በተለይ ደግሞ የተራራ ጫማ ያለው፣ እሳቸው ጋ ይሂድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈር ልጆች ተሰባስበን ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ገንዘብ ለማሰባሰብ ወጨጫን ልንወጣ ተነሣን። ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሰበታ በላይ የሚታየው ተራራ ነው። ጫፉ 3,391 ሜትር ይደርሳል። ደጋፊ የሆነን ሰው በሜትር የቻለውን ቃል ይገባል። ሃምሳ ሳንቲምም ይሁን፣ አንድ ብርም ይሁን። ጫፍ ደርሰን ፎቶ ስንልክለት ገንዘቡን በቀጥታ ማዕከሉ ሒሳብ ውስጥ ያስገባና ደረሰኙን ይልክልናል። በእኛ እጅ ምንም ብር አያልፍም። ዘንድሮ ሰው እርዳታ ሲባል ቶሎ ስለሚጠራጠር ይሄ አሠራር ብዙ ንትርክ አስቀርቶልናል።

የተከራከሩኝ አጎቴ ብቻ ናቸው። «ሰበታ እኮ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እሱን በመኪና ነው የምትወጪው። እኔ የምከፍለው በእግርሽ ለወጣሽው ነው» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፣ ምን ይደረግ! እንዳሉትም ሰበታን ቀንሰው ከፈሉ።

ወደ ጫማው ልመለስ። አዲስ የተራራ ጫማ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የገዛነው ሰልባጅ ነው። ሲያዩት ያልተነካ ይመስላል። በፌስታል ሞልተን ጋሼ ጋ ወሰድነው። የፈለግነው ቀለም እንዲቀቡልንና አንዳንዱን እንዲሰፉልን ነበር። እሳቸው ግን ቀለሙንም መርፌውንም አልነኩም። ጫማዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ከሶሉ በላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ከዚያ ጫማውን አጠፍ አድርገው ጎኑን ወደ ብርሃን አዙረው ያያሉ። ከሁሉ የሚያምረውን ሲጫኑት ስፖንጁ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር አለ። «ይሄ አልቆለታል» አሉና ለብቻው አስቀመጡት።

በኋላ ምክንያቱን አነበብኩ። የብዙ ተራራ ጫማዎች መሐለኛው ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጫማው ሳይደረግ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም ከዓመታት በኋላ ይፈረካከሳል። ቆዳው ግን ምንም አይሆንም፣ እንዳማረበት ነው። ሰልባጅ ስትገዙ እንግዲህ ቆዳውን አይታችሁ አትታለሉ። ስፖንጁን ተጫኑት፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ።

የሚድኑትን ለይተው ሠሩልን። እኔም በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። አሮጌውን ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ያነሡታል። ሁለቱንም ወገን አዲስ ይቀቡና ፀሐይ ላይ ይተውታል። ከመካከላችን አንዱ ቸኮለና «ጋሼ፣ አይጣበቅም እንዴ?» አላቸው። «እጅ መያዙን ሲተው ነው የሚጣበቀው። እርጥቡን ያጣበቀ ነገ ይዞት ይመለሳል» አሉት። ከተጣበቀም በኋላ አያምኑትም፣ በእጅ ይሰፉታል። ክሩን ሰም ላይ ወዲያ ወዲህ ያሹታል። ወስፌውን ሶሉ ላይ ይሰኩና ክሩን ከጫማው ውስጥ ጎትተው ያወጣሉ። ከዚያ እጃቸው ላይ ጠምጥመው ጣታቸው እስኪነጣ ያጠብቁታል። አንዱን ጫማ ዙሪያውን እስኪጨርሱ እነ እትዬ ጎን ለጎን ያፈሉት ቡና ሦስተኛው ደርሶ ነበር።

ዋጋ አልቀነሱም። ለእርዳታ ነው ስንላቸው «ሥራ ለብቻ፣ ምጽዋት ለብቻ» ብለው የድካማቸውን ሙሉውን ተቀበሉ። ቀጥለው «እስቲ ያንን ወረቀት አምጡት» አሉና በሜትር አሥር ሳንቲም አስመዘገቡ። 339 ብር ከአሥር ሳንቲም ማለት ነው። ሰበታንም አልቀነሱም! እኔ ይሄን ከቅናሽ በላይ ወድጄላቸዋለሁ።

ያ አለቀለት የተባለው ጫማ ባለቤት ስሙ ይቆየን። ሱፐር ግሉ ገዝቶ ለጠፈውና አድርጎት መጣ። ጋሼ ይሄን ሳያውቁት አልቀሩም፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ ሰጥተውን ነበር።

መውጣቱ ደህና ነበር። መንገዳችን ወጨጫ ላይ ባለው በሱባ ደን ውስጥ ነው። ደኑን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እነዚያ ጽዶች ሥር ስትሄዱ ድካም የለም። ወደ ላይ ዛፉ እያነሰ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲጀምር ግን ትንፋሽ ያጥራል። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምዷል ቢባልም ከ3,000 ሜትር በላይ ወሬ የሚያወራ አልነበረም። ከደኑ የተመደበልን አጃቢ ብቻ በላስቲክ ጫማ እየተራመደ፣ ስልክ እያወራ ይቀድመናል። እሱንም እናመሰግናለን።

ሶሉ የተገነጠለው ስንወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። መጀመሪያ ተረከዙ ተከፈተ። ከዚያ ሙሉው ቀረ። ሲባጎውን ከሥር አዙረን፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አስረን፣ እያነከሰ ታች ደረሰ። ጋሼ የሰፉት ግን አንድም አልከዳንም።

ጫማችሁን ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውሰዱላቸው። ማታ አምጥቶ «ለነገ ጠዋት» የሚል ሰው አይወዱም። ሠርተው ሲሰጧችሁም ሰፈር ውስጥ እየሄዳችሁበት ሞክሩት። የእግር ጥፍራችሁን መቁረጥ አትርሱ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት የሚመታው እሱ ነው። ቦታው ከጠፋባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ።