ተክለሃይማኖት ጋ ያሰፋሁት የፓራሹት ማጠፊያ ምንጣፍ፦ ምንጣፉ አስር ከአስር፣ ቦርሳው ግን...

ያው አዲስ አበባ ውስጥ የራሱን ፓራሹት ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ብዙ አይደለንም፣ ግን እንደኔ ዱባይ ወይ ኬንያ ዲያኒ እየሄዳችሁ የምትዘሉ ከሆነ፣ ወይ ደሞ ኮርሱን ጨርሳችሁ ሁለተኛ እጅ ሪግ (ፓራሹቱ ከነታጥቆው) ገዝታችሁ ሳሎን ውስጥ አስቀምጣችሁ የምታዩት ከሆነ ይሄ ሪቪው ለናንተ ነው። ጠንካራ ሸራ ሰፊ ለምትፈልጉም ይጠቅማል። ሱቁ ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው፣ የመኪና ወንበር ልብስና የጭነት መኪና ሸራ ነው ዋና ስራቸው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ከታች የማማርረው ነገር አለኝ።

ያዘዝኩት አራት ነገር ነው፣ ፓራሹቱን የማጥፍበት ምንጣፍ፣ ጨርቁን የሚይዙልኝ ሁለት ክብደቶች፣ የሪጉን የመዝጊያ ክር የምስብበት ገመድ (ፑልአፕ የምንለው)፣ እና ሪጉን የምይዝበት ቦርሳ።

ምንጣፍ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ሶፋውን ገፍታችሁ ሴራሚክ ላይ ፓክ ለማድረግ (ፓራሹቱን አጥፎ ለመክተት) ሞክሩና ታዩታላችሁ። ፓራሹቱ የተሰራበት ጨርቅ ዜሮ ፖሮሲቲ የሚሉት አየር የማያሳልፍ ናይለን ነው፣ በተለይ አዲስ ሲሆን እንደ ተልባ ያሟልጫል፣ እጥፋቱን አስተካክላችሁ መሬት አስተኝታችሁት አየሩን በደረታችሁ ስታስወጡ ከስር ይሸሻል፣ አንዱን ጎን ስትይዙ ሌላው ያመልጣል፣ ከዛ ትናደዳላችሁ፣ ስትናደዱ ትቸኩላላችሁ፣ ስትቸኩሉ ደሞ ያ በጥንቃቄ ያስቀመጣችሁት ስላይደር ከቦታው ይንሸራተታል። ዋናው ጣጣ እሱ ነው።

ስላይደር ማለት አራት ማዕዘኑ ላይ ቀለበት ያለው ጨርቅ ነው፣ ገመዶቹ በቀለበቶቹ ውስጥ ያልፋሉ። ፓራሹቱ ሲከፈት ወደ ጎን መዘርጋት ይፈልጋል፣ ስላይደሩ ደሞ ከስር በሚመጣው ንፋስ ወደ ላይ ተገፍቶ ገመዶቹን ሰብስቦ ይይዝና ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ እሱ ሲወርድ ፓራሹቱም ቀስ ብሎ ይሞላል። እንግዲህ በሰዓት 190 ኪሎሜትር ገደማ እየወደቃችሁ ነው፣ ስላይደሩ ከላይ ካለው ማቆሚያ ጋር ሳይነካካ ትንሽ ወረድ ብሎ ከተጠቀለለ ጨርቁ የሚጠብቀው ነገር የለም፣ ባንዴ ነው የሚሞላው። እንደዛ የተከፈተ ፓራሹት አንገት ይጎዳል፣ ጨርቅ ይቀዳል፣ ሰው የሞተበትም አለ። ስለዚህ ፓክ ስታደርጉ አራቱንም ቀለበት በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ማቆሚያው ጋ መድረሳቸውን እዩ፣ የስላይደሩን ጨርቅ ደሞ በገመዶቹ መሀል እኩል ከፋፍላችሁ የፊቱን ወደ አፍንጫው (የፓራሹቱ የፊት ጠርዝ) በኩል ሳብ አድርጋችሁ ንፋሱን ቶሎ እንዲይዝ ተዉት። አፍንጫውን ጠቅልሉ አትጠቅልሉ የሚለው ክርክር አያልቅም፣ እኔ የፓራሹቴ ማንዋል የሚለውን ነው የማደርገው፣ ዩቲዩብ ላይ አንዱ ያሳየውን ሁሉ አልሞክርም።

እሺ ወደ ሰፊው። ጋሼ (ባለሱቁን ነው) መጀመሪያ ያሳየሁትን ስኬች አይቶ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ነሽ የምትዘይው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "የሚያጥፍልሽስ ማነው?" እኔው አልኩት። ቆየት ብሎ "እንግዲያ ምንጣፉን አሳምሬ ነው የምሰፋልሽ" አለ፣ እውነትም አሳመረው። 3 ሜትር በ2 ነው፣ የኔ ፓራሹት 170 ስኩዌር ፊት 9 ሴል (ዘጠኝ የአየር ክፍል ያለው) ስለሆነ ለጨርቁ በቂ ነው፣ ለገመዶቹ ደሞ ከአንድ ጫፍ ጠበብ ያለ ጅራት አስቀጠልኩት። ሸራውን ራሴ ነኝ መርካቶ ሸራ ተራ ወርጄ የገዛሁት፣ ፊቱ የማያብረቀርቅ ለስላሳ ናይለን፣ ሻካራ ከሆነ ጨርቁን ይፈገፍጋል፣ በጣም ካብረቀረቀ ደሞ ከሴራሚኩ በምን ተሻለ። ሸራው ጠባብ ስለነበር መሀሉ ላይ መጋጠሚያ አለው፣ ጋሼ ሳልነግረው መጋጠሚያውን ወደ ስር ገልብጦ ሰፋው፣ "ፊት ለፊት ከሆነ እጅሽ ላይም ጨርቅሽ ላይም ይይዛል" ብሎ። ይሄን ያሰበ ሰው ከሆነ ስራ ያውቃል ማለት ነው። አሁን ጨርቁ ተኝቶ ይጠብቀኛል፣ ጭራውን (የፓራሹቱን የኋላ ጠርዝ) ዙሪያውን አዙሬ ስጠቀልል አይሸሽም፣ ዲ ባግ (የታጠፈው ፓራሹት የሚገባበት ከረጢት) ውስጥ ሳስገባው ቅርጹን እንደያዘ ነው። ባለፈው ዱባይ ስዘል አከፋፈቱ ለስላሳ ነበር፣ ቀና ብዬ አይቼ ስላይደሩ ቀስ እያለ ሲወርድ ማየት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ ዱባይ መሬቱ ባህር ጠርዝ ላይ ነው፣ 4,000 ሜትር አካባቢ ላይ ወጥተን እንወድቅና 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምከፍተው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ማለትም ፓራሹቴን የምከፍተው ከተክለሃይማኖት አስፋልት በታች ሆኜ ነው ማለት ነው፣ ጋሼን ይሄን ስነግረው ሊያምነኝ አልቻለም። ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የምትወድቁበት ትክክለኛ ፍጥነት ይጨምራል፣ አከፋፈቱም ጠንከር ይላል፣ ስለዚህ ደጋ አገር ለምትዘሉ ፓኪንግ ላይ የበለጠ ተጠንቀቁ።

ክብደቶቹ። ጋሼ አሸዋ እንሙላው አለኝ፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ አሸዋ አንድ ቀን ስፌቱ ቢላቀቅ ደቃቁ ገመዱና ጨርቁ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ልጁ (ረዳቱ ነው) ሶማሌ ተራ ሄዶ የአሮጌ ኩሽኔታ ኳሶች ይዞ መጣ፣ ግሪሱን በናፍጣ ከዛ በኦሞ አጥቦ አድርቆ ድርብ ከረጢት ውስጥ ሰፋው። ጎበዝ ልጅ ነው። ግሪስ ነገር ጨርቁ ላይ እንዳይነካ ቤት ወስጄ ደግሜ አጠብኩት፣ ሌላ ችግር አላየሁበትም።

ፑልአፑ ያው ጥብጣብ ነው፣ ጫፉን በላይተር አቅልጦ ሰጠኝ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቦርሳውን ሳዝ ቬልክሮ እንዳይኖረው፣ ሁሉም ዚፕ እንዲሆን ብዬ ነበር፣ ወረቀቱም ላይ ጻፍኩ። ስሄድ የውስጥ ኪሱ በሰፊ ቬልክሮ ነው የተሰራው፣ ያውም ሻካራው ፊት ወደ ሪጉ የዞረ! ቬልክሮ ለናንተ ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ ግን ቀጫጭን ገመዶችን ክሩን እየመዘዘ ያበላሻል፣ አንድ ገመድ እንደዛ ሆኖ ማየት ደስ አይልም። ጋሼ የለም ነበር፣ የሰፋው ሌላ ሰው ነው፣ "ዚፕ አልቆ ነበር" አለኝ። ደውሎ ቢነግረኝ እኮ ዚፕ እኔ እገዛለሁ። በዛ ላይ ማክሰኞ ያሉት አርብ ሆነ። ቅያሪውን አላስከፈሉኝም፣ እሱን ልመስክር።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ፣ እዛ ሱቅ የሚሰፋው በአየር ላይ ስራ የሌለውን ነገር ብቻ ነው። ታጥቆው፣ ፓራሹቱ፣ ዲ ባጉ፣ ገመዱ ላይ መርፌ የሚያሳርፈው ሪገር (የፓራሹት ጥገና ባለሙያ) ነው፣ ሪዘርቩንማ (መጠባበቂያውን ፓራሹት) ተዉት፣ እሱን አጥፎ የሚያሽገው ሰርተፊኬት ያለው ሰው ነው፣ አሜሪካ ለምሳሌ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ እንደገና ይታጠፋል። ጋሼ ገመድ የሚታሰርበትን ላስቲክ አይቶ "ይሄማ ቱታ ወገብ የሚገባው ላስቲክ ነው፣ በነጻ ልቀይርልሽ" ብሎኝ ነበር፣ አመስግኜ እምቢ አልኩ። የብር ማሰሪያ ላስቲክም እንዳታስቡ። ላስቲኩ ልል ከሆነ ገመዱ በስርዓት ሳይፈታ ባንዴ ይዘረገፋል፣ ጨርቁ ገመዱ ሳይወጠር ከከረጢቱ ይወጣል፣ ከዛ ስላይደሩን የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብታስቀምጡት ዋጋ የለውም፣ ያንገጫግጫችኋል። ለዚሁ የተሰራውን ላስቲክ ከዘለላችሁበት ቦታ አንድ ከረጢት ገዝታችሁ ኑ፣ ርካሽ ነው፣ የሳሳውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ምንጣፉን ጸሀይ ላይ አትዘርጉ፣ ጣሪያ ላይ ሰፊ ቦታ አለ ብላችሁ እንዳትሞኙ፣ የአዲስ አበባ የቀትር ጸሀይ ናይለን ይበላል። ቤት ውስጥም ቢሆን እማዬ ቡና ስታፈላ እኔ ፓክ አላደርግም፣ ከከሰሉ አንዲት ፍንጣሪ ብትዘል ናይለኑን ቀዳዳ ታደርገዋለች፣ እሷ ደሞ "ጨርቅሽን አንሺ ቡና ይቀድማል" ነው የምትለው።

ዋጋ፦ ሸራው የራሴ ሆኖ ለምንጣፉ የእጅ 1,500 ብር ከፈልኩ፣ ለሱ አልተከራከርኩም። ቦርሳውን ግን ሌላ ቦታ አሰፉት፣ ወይ ዚፑን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ጋሼ ራሱ ያለው ያኔ ነው፣ መለኪያውንም ለረዳቶቹ ሳይሆን ለሱ ስጡት።