ሴንቲ ሜትር ወይስ የመስኮት ስፋት መቶኛ?

ደሴ ውስጥ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ስሠራ የሐይቅን ፎቶ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ብዬ ወሰንኩ፤ በላፕቶፕ ያማረው ፎቶ በባለቤቷ ስልክ ላይ ግን ጠርዙ ተቆረጠ። የድረ ገጽ መልክ በሚወሰንበት ቋንቋ በሲኤስኤስ (CSS) 1 ኢንች ምንጊዜም 96 ፒክስል ስለሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ 378 ፒክስል ይደርሳል፤ የስልኩ መስኮት፣ ማለትም ገጹ የሚታይበት ቦታ፣ ደግሞ ስፋቱ 360 ፒክስል ነበር። ይህ ሴንቲ ሜትር በስክሪን ላይ በማስመሪያ ሲለካ እንኳ ልኩን ላይጠብቅ ይችላል።

ቪደብሊው (vw) የተባለው መለኪያ በአንጻሩ የመስኮቱን ስፋት 1 በመቶ ስለሚወክል ከመስኮቱ ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል። ፒክስልን ወደ ቪደብሊው ለመቀየር ፒክስሉን ለመስኮቱ ስፋት አካፍሎ በ100 ማባዛት ይበቃል፤ 378 ለላፕቶፑ መስኮት ስፋት ለ1366 ሲካፈልና በ100 ሲባዛ 27.7 ቪደብሊው ግድም ይሆናል። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚሠራው ለዚያው ስፋት ብቻ ነው፤ በባለ 360ው ስልክ ፎቶው ወደ 100 ፒክስል ስለሚኮማተር፣ ለስልክ 90 ቪደብሊው ብዬ ለብቻው ጻፍኩ።

ለፊደል መጠን ግን ቪደብሊውን ብቻውን አልመክርም፤ ዐይኑ የደከመ አንባቢ ገጹን ሲያጎላ ጽሑፉ አብሮ አያድግምና። በወረቀት ለሚታተም የዋጋ ዝርዝር ደግሞ ያለ ማመንታት ሴንቲ ሜትርን እመርጣለሁ።